አልበሜን እድር የሰማው ቀን

ሰው ስለ ራሱ እውነቱን ማውራት ካማረው የንስሐ አባት አለለት። እሱ ከከበደው ደግሞ ጠጅ ቤት አለ። እኔ ግን ቢት አሠራሁበት። ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ራፐር ነኝ። እባካችሁ አትሳቁ። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ ጠጉሬ ከግንባሬ እየሸሸ፣ ወገቤ ብርድ አልችል ብሎ፣ አሁንም ራፐር ነኝ። ሠርግ ላይ ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ «በግሌ ነው የምሠራው» ብዬ ወደ ክትፎው አቀረቅራለሁ። ድሮ ሦስት ነበርን። ፒያሳ ተወልደን፣ ፒያሳ ተኮራርፈን፣ እዚያው ፒያሳ ታርቀን፣ አንድ ሁለት ዘፈን ወጥቶልን ታክሲ ውስጥ ሁሉ ተሰምተን እናውቃለን። በኋላ አንደኛው አግብቶ ዘማሪ ሆነ። ሁለተኛው ቤት ይሸጣል፤ ባገኘኝ ቁጥር ስለ ባለ ሁለት መኝታ ያወራኛል። ብቻዬን ቀረሁ። ብቻውን የቀረ ሰው ወይ ይጠጣል ወይ ስለ ራሱ ያወራል፤ እኔ ደግሞ ጨጓራ አለብኝ።

ስለዚህ የግል አልበም ሠራሁ። አሥራ አንድ ዘፈን፣ ሁለት ዓመት የፈጀ፣ ስሙም «ሳይቀባባ»። የሆነውን እንደሆነው ልናገር ብዬ ለራሴ ማልኩ። ስለ መኪና አልዘፈንኩም፤ መኪና የለኝም። ስለ ሴት ብዛትም አልዘፈንኩም፤ እሱም የለም። ስለ ሰፈሬ፣ ስለ እናቴና ስለ አባቴ ነው የዘፈንኩት። እነሱ ነበሩኝ።

አባቴ ሱፍ ሰፊ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሰው ትከሻ ሲለካ ኖረ። ወሬ አይወድም። ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ «ዙር»፣ «እጅህን አንሳ»፣ «በቃ» ይላል፤ ለደንበኛም ያው ነው፣ ለልጁም ያው ነው። እናቴ የዛሬ አራት ዓመት በክረምት ስትሞት ሰፈሩ ሁሉ ደረቱን እየደቃ ሲጮህ፣ እሱ የድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ዝም አለ። አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣውም። እኔ አጠገቡ ቆሜ ስለነበር አይቻለሁ። ያየሁትን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ሰባተኛው ዘፈን ላይ ተናገርኩት፦

የእድሩ ድንኳን በሦስት ቦታ ያፈሳል፣
ንፍሮው ሳይበስል ቀርቶ ጥርስ ይሰብራል፣
ሁሉም ደረት ሲመታ፣ ሁሉም ሲያለቅስ፣
አባቴ ብቻ ቆሟል፣ ዓይኑ ሳይርስ።

እኔ ይህችን ስጽፍ አልቅሻለሁ። ይታወቅልኝ።

አልበሙ ወጣ። አገር ይናወጣል ብዬ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የደወለው ያ ቤት ሻጩ ጀለሴ ነው። «ወንድሜ ሰማሁት፤ አንጀት ይበላል!» አለኝ። አንጀቴ ራሰ። «ለመሆኑ ስለዚያ ባለ ሁለት መኝታ አሰብክበት?» አለና አንጀቴን መልሶ አደረቀው።

ቀጥሎ አንድ ኤፍ ኤም ጠራኝ። አቅራቢዋ ልጅ ፈገግታዋ ያምራል፤ በሬዲዮ አይታይም እንጂ። «በዚህ አልበም ለወጣቱ የምታስተላልፈው መልእክት ምንድን ነው?» አለችኝ።

«መልእክት እንኳን የለውም። ስለ እናቴ ሞት ነው።»

«ስለዚህ ወጣቱ እናቱን ይንከባከብ እያልክ ነው።»

«እሱም ጥሩ ነው፤ ግን እኔ ያልኩት…»

«በጣም ጥሩ መልእክት ነው! ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን» አለች። ከማስታወቂያ በኋላ ስለ ጸጉር ቅባት ተወራ። እኔ ተረስቼ እዚያው ማይክ ፊት ተቀምጬ ነበር፤ በኋላ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት «ልጄ፣ አልጨረስክም እንዴ?» ብላ ያስወጣችኝ።

ከዚያ ደግሞ ትልቁ መጣ። ስድስት ኪሎ አካባቢ በአንድ አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ «ሳይቀባባ» ላይ ሂስ ሊቀርብ ነው ተባለ። የሠርጌ ያህል ነው የለበስኩት፤ አላገባሁም እንጂ። ሃያሲው ወረቀታቸውን ዘርግተው፣ ውሃ ጠጥተው፣ መነጽራቸውን ወልውለው ጀመሩ። «ይህ ሥራ ከእኔነት አዙሪት መውጣት ተስኖታል» አሉ። «ከያኒው እናቴ ሞተች ይለናል። መልካም። ነገር ግን የእሱ እናት መሞት እኛን ምን አገባን?» ታዳሚው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እኔም ሳላስበው አብሬ ነቀነቅሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ ተናገሩ። ግሪክን አነሱ፣ ሰምና ወርቅን አነሱ፣ ልጅ ሳሉ የነበራቸውን በግ አነሱ። ከአልበሜ አንድ ስንኝ ይጠቅሳሉ ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ወፍ የለም። በሻይ ሰዓት ጠጋ አሉኝና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው «በርታ፣ ተስፋ አለህ። በነገራችን ላይ አልበሙ ከየት ይገኛል? ጊዜ ካገኘሁ ልሰማው አስቤያለሁ» አሉ።

የዩቲዩቡን አስተያየት አታስነሱኝ። አንዱ «ቢቱ አሪፍ ነው፤ ልጁ ዝም ቢል ደግሞ የበለጠ ያምር ነበር» ብሎ ጽፏል። ብዙ ሰው ወዶለታል። እኔም በስህተት ነክቼው ወድጄለታለሁ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ያቃጥላል፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን ይለመዳል። ያልተለመደልኝ የአባቴ ነገር ነው። ሰፈራችን ለልማት ከተነሳ ወዲህ አባቴ ከከተማው ጥግ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለው። እኔ አፍንጮ በር አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። እሁድ እሁድ ሁለት ታክሲ ይዤ እሄድና አብረን እንቀመጣለን። አናወራም። እሱ ቴሌቪዥን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ፣ ስድስት ሰዓት ላይ «ብላ» ይለኛል። የእኛ ፍቅር ይኸው ነበር። አልበሙ ከወጣ በኋላ ብደውል አያነሳም። እሁድ ብሄድ በሩ ዝግ ነው። በሚቀጥለው እሁድም ዝግ ነው። ጎረቤቱ «አሁን ወጡ» ትለኛለች፤ በሩ ሥር ግን የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ «አንተ የማትረባ፣ በምላስህ አባትህን አጣህ!» እያልኩ ራሴን ስሰድብ ዋልኩ። ሃያሲም፣ ሬዲዮም፣ ዩቲዩብም ገደል ይግቡ፤ እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ሰው ምን እንዳለ ነበር።

በዚህ መሀል ጋሽ ወልዴ ደወሉ። ጋሽ ወልዴ የሰፈራችን እድር ዳኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ብረታ ብረት ሲሸጡ የኖሩ፣ ሲስቁ ያየኋቸው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ሰው ወድቆ።

«አንተ የበላቸው ልጅ፣ ዘፈንህን ሰምተናል።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ወልዴ! እንዴት አገኙት?»

«እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። ቅረብ። እንዴት እንዳገኘነው እዚያ ትሰማለህ።»

የእኛ ሰፈር ሰው ተበትኗል። እድሩ ግን አልተበተነም። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ፣ ክርስቲያኑ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ እስላሙም ሱቁን ዘግቶ፣ ሰው ከአራቱም ማዕዘን ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየረ አምስት ኪሎ አጠገብ በትውስት አዳራሽ ይሰበሰባል። ስደርስ አንድ መቶ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ስልክና ድምፅ ማጉያ አለ። ጸሐፊው ግጥሜን በሙሉ፣ አሥራ አንዱንም ዘፈን፣ በእጅ ጽሑፍ ገልብጠውታል። እኔ ራሴ እንዲያ አጥርቼ ጽፌው አላውቅም።

በሉ ፍረዱኝ። አልበሜን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብሎ የሰማ አንድ ጉባኤ በአገሬ ተገኘ፤ እሱም ሊከሰኝ ነው የሰማው።

ሰባተኛው ዘፈን ተከፈተ። አሮጊቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ሽማግሌዎች ምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው አዳመጡ። ሲያልቅ ሐጂ ኑሩ እጃቸውን አወጡ። ሐጂ ኑሩ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ የእድሩም ንብረት ያዥ። «አንድ ጥያቄ አለኝ። እዚህ መሀል መሀሉ ላይ ‹ዬ! ዬ!› ትላለህ። ማንን ነው የምትጠራው?»

«ማንንም አይደለም ሐጂ። እንዲያው ለማድመቂያ ነው።»

«በልቅሶ ላይ?» አሉና ተቀመጡ። እኔ ያን ያህል የጠነከረ ሂስ ስድስት ኪሎ አልሰማሁም።

ጋሽ ወልዴ ቀጠሉ። «ወደ ክሱ። ስንኝ አንድ። ድንኳናችን በሦስት ቦታ ያፈሳል ብለሃል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ ወልዴ፣ ግን ያፈሳል። አንዱ ቀዳዳ ሥር ማንቆርቆሪያ ተደርጎ ነበር።»

«ያንን ሸራ የመረጥኩት እኔ ነኝ!» አሉ ሐጂ ኑሩ ከመቀመጫቸው ተነስተው።

ጋሽ ወልዴ ሐጂን ዝም በሉ በሚል እጃቸውን ዘረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማ ልጄ። ቤታችን ሄደ። ግቢያችን ሄደ። ዛፋችን ሄደ። ከዚያ ሰፈር የቀረን ያ ድንኳን ነው። አንዳችን በሞትን ቁጥር የትም ይሁን የት ይተከላል፣ ሥሩ ስንገባ ሰፈራችን የገባን ይመስለናል። እሱንም ያፈሳል ብለህ በአደባባይ ዘፈንክበት።»

ነገሩ ገባኝ። አፌ ግን የአራዳ አፍ ነው፣ አያርፍም። «እውነትዎን ነው ጋሽ ወልዴ። ቢሆንም ያፈሳል።»

ለድምፅ ቀረበ። ድንኳኑ እንደማያፈስ በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ።

ስንኝ ሁለት፣ ንፍሮው። የእድሩን ወጥ ቤት የሚመሩት እትዬ ብርቄ ተነሱ። «ያን ቀን ዝናብ ነው! እንጨቱ ርሷል፣ ጭሱ ዓይኔን አጥፍቶታል። እናትህን ስለምወዳት ነው እንጂ እሳቱን በነጠላዬ ያራገብኩት! ጥርስ ይሰብራል ይለኛል? የተሰበረው ጥርስ የታለ? ይምጣና ይታይ!»

እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን ለጥበብ ክብር ብዬ ጠረጴዛው ድረስ ሄጄ አፌን ከፈትኩና ኋለኛውን መንጋጋዬን አሳየኋቸው። ሐጂ ኑሩ መነጽራቸውን አድርገው አጎንብሰው መረመሩ። «ይሄማ አልተሰበረም፤ ተቦርቡሮ ነው። ጣፋጭ ትወዳለህ አይደል?» አሉኝ። ጸሐፊው «ተቦርቡሮ የተገኘ» ብለው ጻፉ።

አፌን እንደከፈትኩ ነው አባቴ የገባው።

ባርኔጣውን አውልቆ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከአልበሙ በኋላ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። የራሱን ስፌት ግራጫ ሱፍ ለብሷል፤ ለቀብርና ለፍርድ ቤት የሚለብሰውን። ከስቷል። ዓይኑን ፈለግሁ፣ እሱ ግን ወለሉን ያያል። አፌን ገጠምኩ።

ጸሐፊው ሦስተኛውን ክስ ያነበቡት በለሆሳስ ነው። «‹አባቴ ብቻ ቆሟል፣ ዓይኑ ሳይርስ።›»

«ይሄኛው የእድሩ ጉዳይ እንኳን አይደለም» አሉ ጋሽ ወልዴ። «የሰው ክብር ነው። ሚስቱ ሞታ ያላለቀሰ ባል ተብሎ ይዘፈንበት? ያየ ሰው ይናገር።»

«እኔ አይቻለሁ!» አሉ እትዬ ብርቄ። «ቅዱስ ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ ጓዳ ገብቶ ሲንሰቀሰቅ አይቼዋለሁ።»

«መሐረብ ያቀበልኩት እኔ አይደለሁ እንዴ» አሉ ሐጂ ኑሩ። «ከሬሳ መኪናው ኋላ ነበርን።»

«መቃብሩ ላይ ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ወልዴ ራሳቸው። «እጄ ላይ ነው ያለቀሰው።»

አባቴ በአንድ ቀን ሦስት ቦታ አለቀሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሙድ እይዝባቸው ነበር። ያን ቀን ግን አልቻልኩም፤ ለምን እንደሚዋሹ ገብቶኛል። ይወዱታል። እኔ ልጁ አደባባይ አውጥቼ ያራቆትኩትን ሰውዬ እነሱ ተረባርበው ያለብሱታል። እሱ ደግሞ ቀና አይልም፤ ባርኔጣውን በሁለት ጣቱ ያዞራል። በኀፍረት ነው አልኩ። በእኔ ምክንያት በሰፈሩ ሰው ፊት አንገቱን ደፋ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

እኛ ደግሞ ስናድግ እንዲህ ነው የተማርነው፤ ሽማግሌ ፊት ከቆምክ፣ እውነት ይዘህም ይሁን ሳትይዝ፣ «አጥፍቻለሁ» ትላለህ። ጉልበት ትስማለህ። ይመርቁሃል። በሰላም ቤትህ ትገባለህ። ስንቱ ጸብ በዚህ አልፏል!

«አጥፍቻለሁ» አልኩ።

ለድንኳን ቀዳዳ ሽንጤን ገትሬ የተከራከርኩት እኔ፣ ለንፍሮ አፌን የከፈትኩት እኔ፣ እዚህ ስደርስ እንደ ቅቤ ቀለጥኩ። «አባቴ አልቅሷል። ያላየሁት እኔ ነኝ። እሱን ስንኝ ያስገባሁት እንዲያው ለቤት መምቻ ነው።»

አዳራሹ በእፎይታ ተነፈሰ። ጸሐፊው «ለቤት መምቻ ሲል የዋሸ መሆኑን አምኗል» ብለው ጻፉ፣ እኔም ፈረምኩ። የጋሽ ወልዴን ጉልበት ሳምኩ። «ተባረክ፣ ልጅ ነህ፣ የጨዋ ልጅ ነህ» አሉኝ። እትዬ ብርቄ እልል አሉ። አሁን አባቴ ጋ ሄጄ እግሩ ላይ ልወድቅ ዞር ስል፣ እሱ እጁን አውጥቷል።

አርባ ዓመት እድርተኛ ሆኖ እጁን አውጥቶ አያውቅም። ጋሽ ወልዴ ራሳቸው ደነገጡ። «በላቸው ወንድሜ፣ ተናገር።»

አባቴ ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስለኔ የተናገራችሁት ሁሉ ስለምትወዱኝ ነው። እኔ ግን ያን ቀን አላለቀስኩም።»

የጸሐፊው ብዕር ቆመ።

«ለማልቀስ ፈልጌ ነበር። አልመጣልኝም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰው ሁሉ ‹ጎበዝ፣ አልቅሰህ ወጣልህ› እያለ ያጽናናኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ያላለቀስኩ መሆኔን የማውቀው እኔ ብቻ እየመሰለኝ በውስጤ ይዤው ዞርኩ። በኋላ የጎረቤት ልጅ ዘፈኑን ከፈተችልኝ። ለካ አንድ ሰው አይቶኝ ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

«በስልክ የሚባል ነገር ስላልሆነ ስልክ አላነሳሁም። ቤት ስትመጣም ፊትህን አይቼ የምለው ጠፋኝ። በሕዝብ ፊት የተባለ ነገር ምስክር የሚያስፈልገው በሕዝብ ፊት ነው ብዬ እድሩን ጠበቅሁ። ዛሬ የመጣሁት ልጄ አልዋሸም ብዬ ልመሰክርለት ነበር።» ወደ ቃለ ጉባኤው አየ። «ለቤት መምቻ ነው አልክ አይደል? ጥሩ። በቃ።»

ባርኔጣውን አደረገና ወጣ።

ጋሽ ወልዴ ቃለ ጉባኤውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው ቃለ ጉባኤውን አዩ። «እንግዲህ ተፈርሟል» አሉ ቀስ ብለው።

ሮጥኩ። ወንበር ጠልፎኝ ወደቅሁ፤ ከኋላዬ ጋሽ ወልዴ ሲስቁ ሰማሁ መሰለኝ፣ ግን አልዞርኩም። አምስት ኪሎ ታክሲ መያዣው ጋ ሰልፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ክንዱን ያዝኩት።

«አባዬ» አልኩት እያለከለክሁ፣ «እመነኝ፣ እኔ እኮ እውነቴን ነበር!»

የሱፉን ጨርቅ ከእጄ ቀስ አድርጎ አላቀቀና አየኝ።

«የትኛው ጊዜ ላይ?» አለኝ።

ተራው ደረሰና ታክሲው ውስጥ ገባ።